ጫማዬን ላድርግ ወይስ ይቅር?

ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ግን ልጄ ሜሮን ናት። ቀኝ እጄ ለጊዜው አልታዘዝ ብሎኛል። በጉልበቴ ዘመን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው የሚናገረውን በታይፕ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አለቆቼ ሲሳሳቱ ስሕተታቸውን፣ ሲዋሹ ውሸታቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍ ነበር። ዛሬ ተራው የሷ ነው። ከመጀመራችን በፊት "የምነግርሽን እንዳለ ጻፊ፤ ቢከፋሽም አንድ ቃል እንዳትቀንሺ" ብያታለሁ። እሺ ብላለች። እናያለን።

ሌላው ሰው ትዝታው በዘፈን ይቀሰቀስበታል፤ የእኔ የሚቀሰቀሰው በጎማ ሽታ ነው። ሜሮን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የደም ግፊት መለኪያውን ከካርቶኑ አውጥታ ክንዴ ላይ ስትጠመጥመው ያ ሽታ አፍንጫዬ ይገባል። ወዲያው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኔን እረሳለሁ። ወሎ ሰፈር ነኝ፤ ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በስኳር ጆንያና በሳሙና ካርቶን መካከል። እትዬ ዘይነባ የዲሪያዋን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን ሰጥታኛለች፤ በፌስታል የቋጠረችውን ጥቁር ጫማ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ማዳመጫውን ገና ከጆሮዬ ሳላወጣ ዓይን ዓይኔን እያየች "አልማዝ፣ ጫማዬን ላድርግ ወይስ ይቅር?" ትለኛለች።

ያኔ ወሎ ሰፈር እንደ አሁኑ መስታወት በመስታወት አልነበረም። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ እጥፍ ሲሉ ጋራዦቹ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቀጥ፣ የቀለም ሽታ ሲነፍስ ይውላል። ከጋራዦቹ ጥግ አንዲት ካሴት ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ አንድ ዘፈን ከወደደ ሰፈሩ ሁሉ እስኪጠላው ድረስ ያንኑ ይደጋግመዋል። ታክሲ በሳንቲም ነበር፤ አንድ ብር ሰጥቶ መልስ ያልተሰጠው ሰው መኪናውን አስቁሞ ይጨቃጨቃል። ሎሚ በስሙኒ ሦስት ገዝተው አንድ ይመረቅልዎታል። እኔ ፀጉሬን በቢጎዲን ጠቅልዬ አድሬ፣ ቅዳሜ ፕሊሴ ቀሚሴን በክሬም ሹራብ ለብሼ ብቅ ስል የጋራዥ ሠራተኞች መዶሻቸውን ያስቀምጡልኝ ነበር። (ሜሮን እየሳቀች ነው። ጻፊ ብያለሁ፣ ጻፊ።) መንግሥት መቼ እንደተለወጠ፣ የቱ አዋጅ ከየቱ እንደሚቀድም ብትጠይቁኝ ይምታታብኛል። የእትዬ ዘይነባ ሱቅ በር ሰማያዊ ቀለም ግን፣ ከታች በኩል በእግር ብዛት የተላጠው ሳይቀር፣ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ዛሬ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል፤ በር ላይ ሻንጣ የሚቀበሉ ዘበኞች አሉት።

እትዬ ዘይነባ ከስልጤ አገር በልጅነቷ የመጣች፣ ባሏ ከሞተባት በኋላ ሱቁንም ልጇን ፈቲያንም ብቻዋን ያሳደገች ሴት ነበረች። በዕድሜ ብትበልጠኝም "አንቺ ካላልሽኝ ስኳር አልሸጥልሽም" ብላኝ አንቺ እላት ነበር። ከፎርማጆ አይብ የቀላች፣ ስትስቅ ሚዛኑ የሚንቀጠቀጥባት ሴት። በዚህ ዓለም የምትፈራው ሐኪም ቤትን ብቻ ነበር። ባሏ ታሞ የሄደ ጊዜ በነጠላ ጫማ ነበር የሄደው፤ ማታ ነጠላ ጫማውን በፌስታል ጠቅልለው አስረከቧት። ከዚያ ወዲህ የራሷ ሕግ አላት፤ "ነጠላ ጫማ ያደረገን ሰው ይዘው ያስቀሩታል፤ ሽፍን ጫማ ያደረገን ሰው በእግሩ ይመልሱታል።" ስለዚህ ቅዳሜ ልትለካ ስትመጣ ያቺን አጭር ታኮ ያላት ጥቁር የቆዳ ጫማዋን ይዛ ትመጣለች። ቁጥሩ ክፉ ከሆነ እዚያው ተጫምታ ልትሄድ፣ ደህና ከሆነ ይዛት ልትመለስ። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ጫማዋን ግን አንድ ቅዳሜ ረስታ አታውቅም።

መለኪያው የጋሽ መኩሪያ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሲሆኑ እኛው ግቢ ይኖሩ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ሁለት ወንበር አውጥተው ጎረቤቱን ሁሉ በነፃ ይለካሉ። በኋላ ጆሯቸው ከዳቸው። ልብ ሲመታ የሚሰማውን ያንን ቀጭን ድምፅ መለየት ሲያቅታቸው እኔን ጠሩኝ። "የታይፒስት ጆሮ አለሽ፤ ነይ ላስተምርሽ" አሉኝ። የሚያስተምሩትም እንደ ቄስ ትምህርት በቃል ነው። ሰውየው አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፤ እግሩን አያነባብር፤ ሽንቱን ሸንቶ ይምጣ፤ ሲለካ አያውራ፣ አንቺም አታውሪ። ጎማውን ትነፊያለሽ፣ ቀስ አድርገሽ ታስተነፍሻለሽ፤ መጀመሪያ "ዱብ" ያለበት የላይኛው ነው፣ ድምፁ የጠፋበት የታችኛው። ሁሉንም ከነገሩኝ በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ። "ቁጥሩ የባለቤቱ ነው፣ አልማዝ። አንቺ መልእክተኛ ነሽ። አለቃሽ የሚነግርሽን ደብዳቤ ስትመቺ ትቀንሺለታለሽ?" "ኧረ በፍጹም!" አልኳቸው፤ የምሬን ነበር።

የመጀመሪያዋን የእትዬ ዘይነባን ቁጥር በትክክል ነግሬያታለሁ። የላይኛው መቶ ሰማንያ ነበር። ጫማዋን አጠለቀች፣ እኔው ይዣት ሄድኩ፣ ክሊኒኩ ኪኒን ሰጣት። "ዕድሜ ልክሽን የምትውጪው ነው፤ ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቆሚ" አላት ሐኪሙ። እሷ የሰማችው ግን "ዕድሜ ልክ" የሚለውን ብቻ ነው፤ እንደ እስር ፍርድ። ሱቋን ዘግታ አንድ ሳምንት ተኛች። እህል አልቀምስ አለች፣ ፈቲያን ለማን እንደምትተዋት እየቆጠረች አለቀሰች። ጎረቤቱ በኔ ላይ ተነሣ። "ምን ቸኮልሽ? ሰው እኮ በድንጋጤ ይሞታል" አሉኝ። እኛ አገር ሕመም እንደ መርዶ ነው፤ ለባለቤቱ በመጨረሻ፣ ያውም ተቀባብቶ ነው የሚነገረው። ከበሽታውም ይልቅ የምክሩ ብዛት አደከማት። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ የአብሽ ውሃ፣ ሌላዋ ፌጦ፣ ሌላዋ የሽፈራው ቅጠል ከአርባ ምንጭ ድረስ አስልካ። ዛሬም ያው ነው፤ ልዩነቱ ምክሩ በቴሌግራም መምጣቱ ነው። የማላውቀው ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ በሜሮን ስልክ ውስጥ ስለ ቀይ ሥር ጭማቂ ይጮኽብኛል፤ ሎሚ በሞቀ ውሃ ብሎ ሲጨርስ ይሄን ከእትዬ ዘይነባ ጎረቤቶች ሰምቼዋለሁ እለዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ መኩሪያ ልጃቸው ዘንድ ናዝሬት ሄዱ፤ መለኪያውን ለኔ ትተውልኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ እኔ ወደ ሱቋ ሄድኩ፤ እትዬ ዘይነባ በጀርባዋ ክፍል ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የሰማሁት መቶ ስድሳ ነበር። ፊቷን አየሁት። ያን ሳምንት ሙሉ የተኛችበት አልጋ፣ የተዘጋው ሰማያዊ በር፣ የፈቲያ ዓይን ትዝ አለኝ። "መቶ ሃምሳ" አልኳት። አሥር ብቻ ነው የቀነስኩት። "ጫማዬን ላድርግ ወይስ ይቅር?" አለችኝ። "ይቅር" አልኳት። "አልሐምዱሊላህ" ብላ አቀፈችኝ፤ ስወጣ ሁለት ሳሙና በግድ አስያዘችኝ። ኪኒኑን እየዋጠች እስከሆነ ድረስ ባላስደነግጣት ምን አለበት ብዬ ነበር። እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከዚያ ወዲህ እየቀነስኩ ኖርኩ። መቶ ሰማንያው መቶ ስድሳ ሆነ፣ መቶ ዘጠናው መቶ አርባ ሆነ። ስንት እንደምቀንስ ራሴም ማሰብ አቆምኩ፤ አፌ "መቶ አርባ" ማለት ለመደ። ጆሮዬ ግን አልለመደም። ጎማውን ነፍቼ ገና ከማስተንፈሴ ድምፁ ይጀምራል፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ይበልጥ ቀደም እያለ፣ ይበልጥ እየከበደ። እሷም ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ ማሰር ጀመረች። "ማጅራቴን ይዞኛል፤ ትራሱ ነው" ትላለች። ስኳር ስትመዝን ዓይኗ ፊት ትንኝ የሚበር ይመስል በእጇ እሽ እሽ ትላለች። "ኪኒኑን ትውጫለሽ?" እላታለሁ። "ምን ሆነሻል፣ ዋጥኩት እንጂ!" ትለኛለች፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው መልሳ። የፈቲያ ኒካህ ደርሶ ነበር። ሱቁ በሽቶና በጨርቅ ተሞልቷል፣ ከአገር ቤት ዘመድ እየገባ ነው፣ ማር በጀሪካን መጥቷል። ሁላችንም ስለ ልብስ ብቻ ነበር የምናወራው።

ከኒካሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ለካኋት። መርፌዋ ሁለት መቶ አሥር ላይ ስትደርስ ድምፁ ጆሮዬን መታኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። እትዬ ዘይነባ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛለች። ውጭ ካሴት ቤቱ ያንኑ ዘፈኑን ያዞራል። ልንገራት፣ አሁኑኑ ጫማዋን ታጥልቅ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ደግሞ ሰርጉ ይለፍ፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ ልጇን ስትድር በአልጋ ላይ ትሁን እንዴ አልኩ። አሁን እውነቱን ብነግራት እስከዛሬ የነገርኳት ውሸት መሆኑ ይወጣል የሚልም ሐሳብ ነበረብኝ፤ ይሄን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ምነው ዝም አልሽ? ላድርግ ወይስ ይቅር?" አለችኝ። "ይቅር" አልኳት። "መቶ አርባ ነው።" ሳቀች። ጫማዋን እያወዛወዘች ወደ ሱቋ ወጣች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ለአንዲት ደንበኛ ስኳር ስትመዝን ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ እንዳለች አልተነሣችም። እኔ ከሥራ ተጠርቼ ስደርስ አፏ ወደ አንድ ጎን ተስቦ፣ የምትለው ነገር ሁሉ ተሳስሮ፣ በደህናው እጇ ወደ መደርደሪያው ሥር ታመለክት ነበር። ሌሎቹ ውሃ ፈለገች አሉ። እኔ ግን የምታመለክተው ጫማዋን መሆኑ ገባኝ። የጋራዥ ሠራተኞቹ ፒካፕ አስነሥተው በር ላይ ያጓራሉ፣ ሰው ይጮኻል፣ "ቶሎ! ቶሎ!" ይባላል። አንሥተው ጫኗት። በነጠላ ጫማዋ ሄደች። አመሻሹ ላይ ፈቲያ ስትመለስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ነበር፤ ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቃትም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ላይ ፈቲያ ወደዚያች የጀርባ ክፍል ጠራችኝ። የከረሜላ ማሰሮ አውጥታ ከፈተችው። እስከ አፉ ኪኒን ነበር፤ ወር በወር የተገዛ፣ ማሸጊያው ያልተነካ። "ይሄ ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሁ ብዬ ነው፣ እትዬ አልማዝ" አለችኝ። "ለምን አትውጪውም ስላት 'አልማዝ ወርዶልሻል ካለችኝ ኪኒን ምን ያደርግልኛል? የሐኪም እስረኛ አልሆንም' ትለኝ ነበር።" ከዚያ እጄን ሳመችኝ። "አላህ ይስጥልዎ። በርስዎ ቃል እኮ ነው ደስ ብሏት የኖረችው።" ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ያስለቀሰችኝ መስሏት አቀፈችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሰውን በሽታ የደበቀስ ምን ይሆናል? ለፈቲያ አልነገርኳትም። ጋሽ መኩሪያ ከናዝሬት ለለቅሶ ሲመጡም አልነገርኳቸውም። መለኪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ ሰፈሩ ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ ከቆሻሻ ጋር ሄደ። ሠፈርተኛው አንዱ ሳሊተ ምሕረት፣ አንዱ ሌላ ዳር ተበተነ፤ እኔም ወደዚህ መጣሁ።

አሁን ወደ ሜሮን ልምጣ። (ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥዪ።) ግፊት እንዳለብኝ የታወቀው አምና ነው፤ ኪኒንም ታዘዘልኝ። ሜሮን ከቦሌ መድኃኒት ቤት ይህን በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ገዝታ መጣች። ዓይኔ ሞራ ስላለበት ቁጥሩን ማንበብ እንደማልችል አውቃ የሚናገረውን ነው የመረጠችው፤ በውስጡ ያለችው ሴት በእንግሊዝኛ ቁጥሩን ጥርት አድርጋ ትናገራለች። ለወራት እንዲህ ኖርን። ከዕለታት አንድ ቀን ሴትዮዋ ትልቅ ቁጥር ጠራች። እውነት ለመናገር እንደ እትዬ ዘይነባ ሆንኩ። ሦስት ቀን እህል አልገባልኝም፤ ሜሮንን የቤቱን ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩ አሳየኋት፣ የምቀበርበትን ደብር ነገርኳት። ልጅቱ ከቢሮ ቀርታ ስታለቅስ ሰነበተች። በቀጣዩ ቅዳሜ መለኪያው ዝም አለ። "ድምፁ ተበላሽቷል፣ እማዬ። እኔ አነብልሻለሁ" አለችኝ። መቶ ሠላሳ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ትንንሽ ነገሮች መታየት ጀመሩ። ጨው ከቤት ጠፋ። ሜሮን ከቢሮ በጊዜ መምጣት አበዛች። ስልክ ሲደወል ኮሪደር ወጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ በሩን ስከፍት ወሬው ስለ ውሃ መጥፋት ይሆናል። ፍራሿን እኔ ክፍል አመጣች፤ "እኔ ጋ ይበርዳል" ብላ። እኔም ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ይይዘኝ ጀመር፤ ትራሱን ሁለት ጊዜ አስቀየርኳት። የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ሪሞቱ ይወድቅብኛል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን መቶ ሠላሳ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ሁሉ ጎረቤት ልብ ያዳመጠ ጆሮዬ የራሴን አልሰማም አለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያ የጎማ ሽታ መጣ፤ ጨርቁ ክንዴን ጨመቀ፣ ለቀቀ። ሜሮን መለኪያውን ወደ ራሷ አዙራ አየችው። ዝም አለች። ትንሽ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ከወትሮው ቀጠን ባለ ድምፅ "መቶ ሠላሳ! እንደ ልጃገረድ እኮ ነሽ፣ እማዬ" አለችኝ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

"ድምፁን ክፈቺው" አልኳት።

"ተበላሽቷል አላልኩሽም?"

"አልተበላሸም። አንቺ ነሽ የዘጋሽው።"

መለኪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አጎንብሳ ማልቀስ ጀመረች። "ያን ጊዜ ስትሰሚ ሦስት ቀን አልበላሽም። በድንጋጤ ልትሞቺብኝ ነው ብዬ... ሐኪሙን በስልክ አማክሬዋለሁ፤ አምጪያት ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እሷ ሐኪም ቤት ስትሰማ ትደነግጣለች፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፣ ዓይኗን ከተሠራች በኋላ ይሻላል እያልኩ..."

እጄን ትራሴ ሥር ሰደድኩ። በመሐረብ የጠቀለልኩትን አውጥቼ ጭኗ ላይ ፈታሁላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የኪኒን ማሸጊያ፤ ያልተነካ።

"እማዬ!" አለች። "አልወሰድሽውም?"

"ወርዷል አልሽኝ እኮ። ሆዴን ያቃጥለኝ ነበር፣ ከወረደ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማሰሮው ክዳን ሲከፈት የሰማሁ መሰለኝ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ለማንም ያልነገርኩትን የእትዬ ዘይነባን ነገር ያኔ እዚያው አልጋው ላይ ተቀምጬ ነገርኳት፤ ከአሥሯ ጀምሬ እስከ ሁለት መቶ አሥሩ። "እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ሜሪዬ። እወዳት ስለነበር ነው። አንቺም ስለምትወጂኝ ነው" አልኳት። በመለኪያው ጎን ያለውን የድምፅ ቁልፍ ተጫነች። አምስት ደቂቃ ተቀመጥን፤ ጀርባዬን ደገፍኩ፣ እግሬን አላነባበርኩም፣ አላወራንም። ጨርቁ ጨመቀኝ። ሴትዮዋ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ተናገረች። ለእንግሊዝኛ ቁጥር ባዳ አይደለሁም፤ ሰምቻታለሁ። ግን ከልጄ አፍ መስማት ፈለግሁ።

"ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ አምስት" አለችኝ ሜሮን። አልቀነሰችም።

ቀኝ እጄን ልዘረጋላት ብዬ እንደ ዕቃ ከበደኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው አልኩ በልቤ፤ ቅጠሉ አልፎም እንደሆነ አላውቅም። "ጫማዬን አምጪልኝ" አልኳት። ሮጣ ወጣች፤ በኮሪደሩ መኪና ስትጠራ፣ የጎረቤት በር ስትመታ ይሰማኛል። ተመልሳ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከችና ልታጠልቅልኝ ነጠላ ጫማዬን ዘረጋች።

"እሱን አይደለም" አልኳት። "ሽፍኑን።"